ምን ጎደለባት?

ሱፐርቻርጀሩን፣ አየርን በኃይል ወደ ሞተር የሚገፋውን ዕቃ፣ መኪናዬ ላይ ገጥሜ የጨረስኩ ሰሞን የሰፈራችን መካኒክ በበራችን ሲያልፉ ጠርቼ አሳየኋቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሞተሩን ዞር ዞር እያሉ አዩት። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ብረቱን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ የምትጨምርባት ምን ጎደለባትና ነው?» አሉኝ።

«ጉልበት እንዲኖራት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ማታ መብራት ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ስቀመጥ ይመጣል። ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይመጣል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎጃም መንገድ የተንገላቱ መኪናዎችን ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለወሬ ብለው አይጠይቁም። «ጉልበት» ያልኩት መልስ ደግሞ ለራሴም አልጣመኝም። ለምን ያህል ጉልበት? ከምን ተነስቶ? የት ለመሄድ?

መኪናዋን ለማታውቋት፦ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ባለ 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ። እዚህ አገር መካኒክ ሆኖ ይህን ሞተር ፈትቶ ያልገጠመ ያለ አይመስለኝም። ሱፐርቻርጀሩ ኢተን ኤም45 ይባላል። ከተበተነ ሚኒ ኩፐር ኤስ ላይ የተፈታ ነው፤ በዱባይ በኩል ነው የደረሰኝ። የሚኒው ሞተርም 1.6 ሊትር ስለሆነ ነው ዓይኔ ያረፈበት። ማቀፊያ ብረቱን ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ሥር ለክቼ ቆርጬ አስበየድኩት። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ፑሊዎች ቶርኖ ቤት አስወጣሁ። ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ከፍ ባሉ ቀየርኩ። የሞተሩን ቁጥር አልነካሁም፤ ከሊብሬው ጋር ያው ነው።

ቁልፉ ዞሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ነዳጁንና እሳቱን የሚመራው ስፒዱይኖ ነው። ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ አርዱይኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የቆመ የሞተር ኮምፒውተር ነው። ሰርኪዩቱን የሠራልኝ ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተከፈተ ጀምሮ ለዚህች ከተማ እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ልጆችን ሲያፈራ ኖሯል። እሱም አንዱ ነው። ሽቦ ሲያስር ብታዩት ሹሩባ የሚሠራ ነው የሚመስለው።

ሽቦው ያለቀ ማታ ላፕቶፑን ሰካን። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞርኩ። ሞተሩን አላስነሳሁትም። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ በሩ። የውኃው ሙቀት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የባትሪው ቮልት። ከሥራቸው የግፊት ሴንሰሩ ንባብ መጣ፦ 82።

ሞተር ባልተነሳበት ሰዓት ያ ሴንሰር የሚያነበው ደጅ ያለውን አየር ነው፤ በኪሎፓስካል። እኔ የምከታተላቸው ሰዎች ቪዲዮ ላይ ግን መነሻው ሁልጊዜ 100 ወይም 101 ነው። ሴንሰሩ የተበላሸ መሰለን። ጓደኛዬ ሌላ አመጣ፤ ቀየርነው። አሁንም 82።

ያኔ ነው ዝም ብለን የተያየነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣና ራሱ ከ1,780 ሜትር በላይ ላይ የተንጣለለ ውኃ ነው። ሐይቅ ዳር ስለምንኖር፣ ዘንባባው ስላለ፣ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ስለሚያቀልጠን ቆላ ያለን ይመስለናል። ከፍታ ሲባል ትዝ የሚለን ደብረ ታቦር ነው፣ እንጅባራ ነው። አየሩ ግን አልረሳም። ከ101 ላይ 82 ሲቀነስ 19 ነው። እያንዳንዱ ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ ማግኘት ከሚገባው አየር አንድ አምስተኛ የሚሆነው የለም።

ይህን ነገር በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ ይህን ያልተማረ የለም። ነገር ግን በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ሞተሩ እንኳ ሳይነሳ ቁጥሩ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ሌላ ሆነብኝ። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ፊልትሮ አጽድቻለሁ፣ የፒስተን ፋሻ አስቀይሬያለሁ። ሞተሯ ጤነኛ ናት። ጤነኛ ሆና ግን እዚህ ከተማ ከገባችበት ቀን አንስቶ አንድም ቀን ሳንባዋ ሞልቶ አልተነፈሰችም። ፋብሪካው የጻፈላት የፈረስ ጉልበት የተለካው ከባሕር ጠለል ብዙም ባልራቀ አየር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ቤንዚን የሚበላ ተራ ሞተር ሁሉ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ባጃጁም ጭምር። እኛ ለምደነው «መኪና እንዲህ ነው» ብለን እንነዳለን።

ለጋሼ ጥያቄ መልስ ተገኘ ማለት ነው። የጎደላት አየር ነው። መጠኑም ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ሱፐርቻርጀር የሚባለውን ዕቃ የማይበት ዓይን ተለወጠ። ልጆች ሆነን ይህን ነገር ያወቅነው ከውድድር መኪና ጋር ነው። የሰው ልጅ ግን አየርን በኃይል ወደ ሞተር መግፋት አጥብቆ የፈለገው ከፍታ ሲያስቸግረው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሽቅብ በወጡ ቁጥር ጉልበት እያጡ ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሊበርቲ ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከጉና በላይ ማለት ነው። እዚያ በጭስ ኃይል የሚዞር መግፊያ ገጥሞ ሞተሩ ሜዳ ላይ የነበረውን ጉልበት እንደሚመልስ አሳየ። የሱ በጭስ፣ የኔ በቺንጋ ነው የሚዞረው። ሐሳባቸው ግን አንድ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የኔ ኮሮላ ዘመዶቿ እነማን እንደሆኑ አወቅሁ።

ሒሳቡና ሙቀቱ

ኤም45 ሆዱ ውስጥ ሁለት የተጠማዘዙ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ብረቶች አሉት። አንዴ ሲዞር 0.74 ሊትር ገደማ አየር ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራል። እንደ ቁና ነው። ቁናው ጤፍ ይሰፈርበት ገለባ የሚይዘው መጠን ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ይለያያል። ሱፐርቻርጀሩም ወፍራም አየር ካገኘ ወፍራሙን፣ ስስ ካገኘ ስሱን ሰፍሮ ይሰጣል። እዚህ ስሱን ነው የሚያገኘው።

የኔ ሞተር በአንድ ዙር ወደ 0.8 ሊትር ይወስዳል። በትልቋ ፑሊ ሱፐርቻርጀሩ ሞተሩ አንዴ ሲዞር አንድ ጊዜ ተኩል የማትሞላ ይዞራል፤ አንድ ሊትር ገደማ ይገፋል። ትርፉ ነው ግፊት የሚሆነው፤ ቡስት የሚባለው። የግፊት መለኪያ ጌጄ ላይ 0.35 ባር ያሳያል። ግን ይህ ቁጥር ከደጁ አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚናገረው። የደጁ 82 ነው። ሲደመር 117። ወደብ ከተማ ላይ ያው 0.35 የሚያሳይ ሰው 136 አለው። ጌጃችን አንድ ዓይነት ቢያነብም ሞተሮቻችን የሚበሉት አንድ አይደለም። የሌላ አገር ሰው «በዚህ ቡስት ሞተሬ ቻለ» ሲል፣ ወይም «በዚህ ቡስት ፈነዳብኝ» ሲል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የት ሆኖ እንደሚያወራ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል፤ አሁንም በአቋሜ ነኝ።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ይህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ያሞቃል። በ27 ዲግሪ የገባው አየር በሌላው ጫፍ ሲወጣ ከ80 ዲግሪ ያልፋል። የሞቀ አየር ስስ ነው። ስለዚህ 117 ያልኩት ግፊት በሙቀቱ ሲቀነስ፣ ባሕር ጠለል ላይ ካለ ቀዝቃዛ አየር ጋር እኩል ለመሆን እንኳ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሜ፣ ቺንጋውን ለማዞር ከሞተሩ ጉልበት ከፍዬ፣ ገና ዜሮ ላይ ነኝ። ከናፍጣ መኪና ላይ የተፈታ ኢንተርኩለር፣ የታመቀውን አየር የሚያበርድ ዕቃ፣ ከፊት የገጠምኩት ለዚህ ነው። እሱ ሲገባ አየሩ ወደ 50 ዲግሪ ወረደ። የጎደለው ሞላ፤ በላዩም ትንሽ ተረፈ። ለኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ያን ቀን ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ መጀመሪያ የዞረ ቀን ይህን ያህል አልተሰማኝም።

ቤዛዊት ዳገት

ሁለት ፑሊ ነው ያስወጣሁት። ትንሿ ብትገጠም ሱፐርቻርጀሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ቡስቱ ወደ 0.7 ባር ይጠጋል። የሰፈሩ ልጆች ትንሿን ግጠም ብለው ወጥረው ያዙኝ። ድምፁ ነው የሚያምራቸው፤ አልፈርድባቸውም። ያ ፉጨት ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ።

ነገር ግን የሚኒው ሞተር ሲሠራ ጀምሮ ለዚህ ታስቦ ነው። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ልክ፣ 8.3 ነው፤ የኔ 9.5። በትንሿ ፑሊ የሚወጣው አየር ሙቀቱ ከ130 ዲግሪ ያልፋል። እኛ ደግሞ ማደያ ሄደን ኦክቴን፣ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ላለመቃጠል ያለውን አቅም፣ አንመርጥም፤ የተገኘውን ነው የምንቀዳው፣ እሱም ሲገኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ ኮሮላዎች ነው የምንጠብቀው። ቴስታታው ቢጣመም፣ ፒስተኑ ቢበሳ «ሌላ እገዛለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ትልቋን ገጠምኩ። ትንሿ ሳጥን ውስጥ ናት፤ ለሚያያት ሁሉ አሳያለሁ።

ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚለኮስበትን ጊዜ፣ ያስተካከልነው ቤዛዊት ዳገት ላይ፣ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። የመዳብ ቱቦ ጫፉን ጠፍጥፌ፣ በስቼ፣ ከሞተሩ ብሎክ ጋር በቡሎን አሰርኩት። ከሌላው ጫፍ የጎማ ቱቦ ቀጥዬ በመስኮት አስገባሁና ከጆሮ መሸፈኛ ጋር አያያዝኩት። ሞተር ያለ ጊዜው ሲያቃጥል ውስጡ ደረቅ ኳኳታ አለው። የጭስ ማውጫው ድምፅና ነፋሱ ስለሚሸፍኑት ባዶ ጆሮ ሲሰማው ብዙ ጊዜ ረፍዷል። በዚህ ቱቦ ግን ገና ሲጀምር ይያዛል።

የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ጋሼን ለመንኳቸው። እሳቸው ሞተር የሚያዳምጡት ረጅም ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ ደግፈው ነው። መሸፈኛውን አገላብጠው አዩትና «ይሄም ያው ካቻቢቴ ነው» ብለው አጠለቁት። ጓደኛዬ ከኋላ ላፕቶፑን ይዟል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ከታች ጀምሬ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወጣን። ምንም አላሉም። ወርደን እሳቱን አንድ ዲግሪ አስቀደምን። ወጣን። አሁንም ዝም። እንዲህ እየጨመርን ሄድን። በመጨረሻ ዳገቱ መሃል ላይ ድንገት እጃቸውን አነሱ። እግሬን ወዲያው አነሳሁ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ጓደኛዬም አልሰማም። «ነክታለች» አሉ። «ገና ነካ ነው ያደረጋት።»

ከዚያ ቁጥር ላይ ሦስት ዲግሪ ቀንሰን ተውነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ነጩ ሸክላ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ የፒስተን አልሙኒየም ነው፤ ሞተሩ ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። አልነበረም። ንጹሕ፣ ቀለል ያለ ቡናማ። ጋሼም አዩት። «ስትወጣ አላቃሰተችም» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። ወዲያው ግን ሌላ ጨመሩ፦ «ዓባይ በረሃ ስትወርድስ?»

ያልተነዱ ረድፎች

ይኸኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ አነቃኝ።

ስፒዱይኖ ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ እንዲህ ነው። አግድሙ የሞተሩ ፍጥነት፣ ቁልቁሉ ግፊቱ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የራሱ ቁጥር አለ፤ መኪናዋ በሄደች ቁጥር አንዱ ሳጥን ላይ ናት። እኛ የሞላነው ቤዛዊት ላይ፣ መሸንቲ መንገድ ላይ፣ ከተማ ውስጥ የነካናቸውን ነው። የባሕር ዳር አየር ከ117 በላይ አያስወጣም። ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎች፣ 120፣ 130፣ 140፣ መኪናዋ አንዴም ረግጣቸው አታውቅም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያስቀመጠው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል።

ወደ እንጅባራ ብወጣ ችግር የለም። ሱፐርቻርጀሩ የደጁን አየር የሚያባዛው በአንድ ልክ ነው፤ 82ን 117 ካደረገ በ1.43 ገደማ ማለት ነው። እዚያ የደጁ አየር 75 አካባቢ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 107 ይወርዳል፤ የማውቀው ረድፍ ነው። ዓባይ በረሃ ግን ተቃራኒው ነው። ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አየሩ ወደ 89 ይወፍራል። ያው ፑሊ፣ ያው ቺንጋ፣ ያው እግር፤ ግፊቱ ግን 127 ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ከዚያ ምን አለ? ጎሐ ጽዮን ድረስ ረጅም ዳገት። ማንም ነገረኛ ሰው አስቦ ሞተር የሚፈተንበት ቦታ ፍጠር ቢባል ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እነዚያ ረድፎች መጠርጠር ያለባቸው ረድፎች ናቸው።

ሄጄ ልሞክራቸው አልችልም። መንገዱ እንደ ድሮው እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም፤ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩና ያልሄድኩበትን መንገድ በቁጥር መሙላት ጀመርኩ። ነዳጁን ወፈር፣ እሳቱን ዘግየት። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ይበልጥ ዘግየት። አየሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ቅናሽ። 135 ላይ ነዳጅ እንዲቆርጥ አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ምክንያት የለም። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በጣም ያሰብኩበት ይህ ነው። የሚታይ ብረት የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ለማንም ኮፈን ከፍቼ አላሳይም። ምናልባት ለረጅም ጊዜ አልፈልገው ይሆናል። ግን ነገ መንገዱ ተከፍቶ እናቴን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ልወስድ ብነሳ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ይህች መኪና የምትመራው በነዚያ ቁጥሮች ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቁጭ ብዬ ነው የማስረው።

ከዚህ በኋላ ነው ድሬዳዋ ያለ አንድ ልጅ የጻፈልኝ። የኔን የመሰለ ኮሮላ አለው፤ ኤም45ም አግኝቷል። «ፋይልህን እንዳለ ላክልኝ» አለኝ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሞቃት ናት። እኔ በግምት የሞላኋቸው ረድፎች ለሱ የየቀኑ መንገድ ናቸው ማለት ነው። እንዳለ አልሰጠውም አልኩት። በስልክ ረዘም ላለ ጊዜ አወራን። ገብቶታል፤ ጎበዝ ልጅ ነው። የላክሁለት የታችኛውን ግማሽ ነው። ከ110 በላይ ያለውን ከኔም ይበልጥ አዘግይቶ፣ በመዳብ ቱቦ እያዳመጠ፣ ቀስ ብሎ ራሱ ይሞላዋል። ሲሞላው የ120ውንና የ130ውን ረድፍ መልሶ ይልክልኛል። እኔ መንዳት ያልቻልኩትን እሱ ይነዳልኛል።

ፑሊውን እዚሁ ቶርኖ ቤት እያስወጣሁለት ነው፤ ትልቋን። የዘንጉን ልክ እስኪልክልኝ ነው የምጠብቀው።